ሳይመጣ የተበላው ጥንቸል

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ዕድሜዬ አርባ አራት ነው። ተወልጄ ያደግኩት፣ ክርስትና የተነሣሁትም እዚሁ ወልዲያ ነው። ረቡዕና ዓርብን ገድፌ አላውቅም፤ ገድፌም ከሆነ ሰው አላየኝም። ታዲያ ባለፈው ነሐሴ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ተነሥቶ «ይኼ ሰውዬ ጥንቸል ሊበላ ነው» ሲለኝ ምን ልበል? ጥንቸል እኮ ነው የምላችሁ! ያውም ይኼ ሁሉ ሲወራ ጥንቸሉ እኔ ቤት አልገባም። መርሳ ከተማ ተቀምጦ የእናቱን ጡት ይጠባል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ካልሆነ እናንተም ከነሱ ጋር ትቆማላችሁ።

ሥሩ በግ ነው። ጥር ላይ፣ «ለፋሲካ የበግ ዋጋ ሰማይ ይነካል» ብዬ አንድ ጠቦት ቀድሜ ገዛሁ። ብልጥ መሆኔ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ግቢያችን ሲኖር ልጄ ማኅደር ስም አወጣችለት፤ ሻምበል አለችው። ማኅደር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያለችኝም እሷው ብቻ ናት። ለፋሲካ የተገዛ በግ ስም ሲወጣለት ጉዱ ያኔ ሊታየኝ ይገባ ነበር። አልታየኝም። ሻምበል ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ይጠብቃታል፣ ከእጇ ይበላል፣ አንድ ቀን እንዲያውም የሒሳብ ደብተሯን በላው። ለመምህሯ «ሻምበል በላብኝ» ብትለው ሰውየው እኔን አስጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤታችሁ ያለው መኮንን ጤና ነው?» አለኝ።

የፋሲካ ዕለት እሷና እናቷ ቤተ ክርስቲያን አድረው ሲመለሱ ሻምበል ድስት ውስጥ ነበር። «የት ሄደ?» አለችኝ። እኔ ጅሉ «ጠፋ» አልኳት። ጠፋ የምለው ቆዳውን አጥሩ ላይ አስጥቼ ነው! ይባስ ብሎ ቆዳ ገዢው ያንን ሰዓት መርጦ በበራችን «የበግ ቆዳ! የፍየል ቆዳ!» እያለ አለፈ። አጥሩን አየች፤ እኔን አየች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ አታናግረኝም። የምንገናኘው በእናቷ በኩል ነው። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ «እማ፣ ጨው ያቀብለኝ በይው» ትላለች። ባለቤቴ አስካለ «አቀብላት» ትለኛለች። አቀብላለሁ። «አመሰግናለሁ በይው» ትላለች። በሥነ ሥርዓት ስላሳደግናት ምስጋና አይቀርም፤ የቀረው «አባዬ» ነው። አራት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ አልወጣትም። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ከሥራ በገባሁ ቁጥር ያንን ቃል እየጠበቅኩ በር ላይ እዘገይ ነበር።

ሐምሌ ላይ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። «የፈለገችውን እገዛላታለሁ በያት» አልኩ ለእናቷ። ማኅደር ሦስት ቀን አሰበችና መልስ ላከች፤ «የማይታረድ እንስሳ።»

ነገሩን አጥንታዋለች እኮ! ሰንበት ትምህርት ቤት ክርስቲያን የማይበላቸውን እንስሳት አንድ በአንድ ጠይቃ በወረቀት ጽፋ መጥታለች። አህያና ፈረስ ግቢያችን አይበቃቸውም። ግመልን እኛ ባንበላው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ይበሉታል፤ ተሰረዘ። አሳማን እናቷ ስሙንም መስማት አልፈለገች። ጥንቸል ቀረ። እኛ አንበላውም፤ ጋሽ ሰይድም ተጠይቀው «በልቼው አላውቅም» ብለዋል። ትንሹን ጥንቸል ድመት ስለሚበላው ደግሞ ትልቁ ዘር ይሁን፣ ያ ስልክ ላይ ያየችው፣ ሲያድግ ውሻ የሚያክለው። አያችሁልኝ? ልጄ ደስ ያላትን እንስሳ አይደለም የመረጠችው፤ ከእኔ ቢላዋ የሚያመልጠውን ነው። ሲገባኝ ተናደድኩም፣ አፈርኩም።

እንዲህ ያለውን ዘር መርሳ ውስጥ ይመር የሚባል ሰው እንደሚያረባ ሰማሁና ሄድኩ። ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ቤት ቀልሶላቸዋል። እናቲቱን ሳያት ደነገጥኩ። ተቀምጣ ዓይን ለዓይን ተያየን ብላችሁ ውሸት ነው፤ ግን ብዙም ውሸት አይደለም። ይመር ከግልገሎቹ አንዱን፣ ነጩን፣ አንሥቶ «ይኼ ዘር ሥጋ ነው! ጭኑን እይልኝማ!» አለኝ። ለምን እንደፈለግኩት እንኳ አልጠየቀኝም።

እዚህ ላይ የእኔ ጥፋት አለ፤ አልደብቃችሁም። «ለልጄ ነው፤ እንድትጫወትበት ነው» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ! «ጢሙን ያበቀለ ሰውዬ መጫወቻ ጥንቸል ፍለጋ ከወልዲያ መጣ» ብሎ የሚስቅብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ጭኑን ዳበስ አደረግኩና «ሸጋ ነው» አልኩ። ልብ በሉ፤ ማንም አላስገደደኝም።

«ገና ጡት አልጣለም» አለኝ ይመር። «ዛሬ ፍልሰታ ገብቶ የለ? ጾሙ ሲፈታ ናና ውሰደው። እስከዚያ ማደሪያውን አሰናዳ።»

ሁለት ሳምንት ማለት ነው። ምን ቸገረኝ ብዬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ብየዳ ቤት ነው። «የሽቦ ቤት ሥራልኝ» አልኩት ብየዳ ሠሪውን።

«ለስንት ዶሮ?»

«ለዶሮ አይደለም።»

«ለስንት በግ?»

«ለአንድ ጥንቸል» ስለው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱም ከፍታውም አንድ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ወለሉ ደግሞ እግሩን እንዳያቆስለው ጣውላ ይነጠፍበት አልኩት። «ጋሼ» አለኝ፣ «እኔ ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል ከዚህ ብዙም አትሰፋ። ጣውላም የላት።» ጥንቸሉን ትቼ እሱን የማስገባው ይመስል ሜትሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ቀጥሎ ገመድ መጣ። እንጀራዬ ቴሌቪዥንና ሬድዮ መጠገን ነው፤ ሱቄ ሲሞላ የተረፈው ዕቃ ቤት ይገባል፤ ስለዚህ የቤታችን ወለል ገመድ በገመድ ነው። ጥንቸል ደግሞ ገመድ ያኝካል አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ እየበሳሁ ገመድ ሰቀልኩ። አስካለ እጇን አጣምራ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ገመድ ስደናቀፍ አንድ ቀን ‹እኔን› ብለኸኝ ታውቃለህ? ለጥንቸል ሲሆን ግን ግድግዳ ይበሳል!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እውነት ባዶ ሆድ ላይ ይከብዳል፤ ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ነበር።

ከዚያ ምግቡ። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጠው ሰውዬ «እርጥብ ቅጠል ብቻ ከሰጠኸው ሆዱን ይነፋዋል፤ ድርቆሽ ያስፈልገዋል» አለኝ። በነሐሴ ድርቆሽ! ዝናቡ ሌሊትና ቀን በሚወርድበት፣ አገር ምድሩ ጭቃ በሆነበት ወር ደረቅ ሣር! የጠየቅኳቸው ገበሬዎች ሁሉ ከት ብለው ይስቁብኛል። በመጨረሻ ከመርሳ ወዲያ ውርጌሳ አንድ ሰውዬ ቆጥ ላይ ያስቀመጠው ተገኘና አንድ ማዳበሪያ ሞልቼ፣ እንዳይረጥብ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የተበላሁት እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ስልኬ ጆሮ ላይ አይሰማም፤ ድምፁ የሚወጣው በላውድ ስፒከር ብቻ ነው። የሰው ዕቃ ስጠግን እየዋልኩ የራሴን አልጠገንኩም፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች። መርሳን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ስልኩ ጮኸ። ድርቆሹን እንደታቀፍኩ በአንድ ጣቴ ነካሁት። ይመር ነው። ሰውየው ደግሞ ስልክ ሲያወራ ወልዲያ ድረስ በራሱ ጉሮሮ የሚያደርስ ይመስለዋል።

«ሃሎ! ያ ጥንቸልህ እኮ ወፈረ! ጭኑ ጭን እንዳይመስልህ! ፍልሰታ በተፈታ ዕለት ይደርስልሃል! ድስቱን ሰፋ ያለ አድርገው!»

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን ራሱ ቀነሰው። ከፊቴ ከተቀመጡት አንዷ ቀስ ብለው ዞሩ፤ የሰፈራችን እትዬ ብርቄ! ዕድራችን ለጥሩምባ ነፊ የሚከፍለው እሳቸውን ረስቶ ነው። ከግንባራቸው እስከ ደረታቸው አማተቡና «በስመ አብ! አንተ፣ በፍልሰታ?» አሉኝ።

ደንግጬ እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት ሰዓት ያ ሆነ። «እትዬ፣ ለእኔ አይደለም፤ ለልጄ ነው!» አልኩ።

«ለልጅህ!» አሉ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «ያችን ሥጋ ወደሙ የምትቀበል ልጅ ነው ጥንቸል የምታበላት?»

ላስረዳ አፌን ብከፍት የሚሰማኝ የለም። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ድርቆሹን እያየ ሸሸት አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይኼኛው ከአፋፍም አልፎ እኔ ከሚኒባስ ሳልወርድ ሰፈር ገብቶ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ቢጽፉት ደብተር አይበቃውም። አንዲት ደንበኛዬ ቴሌቪዥኗን ልታስጠግን መጥታ፣ ሳትሰጠኝ በፊት «እጅህን ታጥበሃል?» አለችኝ። አሥር ዓመት ደንበኛዬ ናት! አንድ የማላውቀው ሰውዬ ደግሞ ሱቅ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጆሮዬ ሥር «ለአስም ነው አይደል? እኔንም ይይዘኛል። ትንሽ መረቅ አስቀምጥልኝ» አለኝ። ማባረሩንስ አባረርኩት፤ ግን በማግሥቱ ባዶ ጠርሙስ ልኮልኛል።

ይኼም ይሁን። የንስሐ አባታችን ጃንጥላቸውን ይዘው፣ በዚያ ዝናብ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። መስቀል ተሳለምኩ። ተቀመጡና «ልጄ፣ ችግር ሲመጣ ለአባት ይነገራል እንጂ እንዲህ አይኮንም» አሉኝ። ከካባቸው ሥር አንድ ላስቲክ አወጡ። ሽሮ ነው! እትዬ ብርቄ ሰፈሩን አስተባብረው፣ ጥንቸል እስከመብላት ያደረሰኝ ረኀብ ነው ብለው፣ ሽሮ አዋጥተውልኛል!

«አባ፣ ለመብል አይደለም እኮ! ለመጫወቻ ነው!»

አባ የሽቦ ቤቱ የሚቆምበትን፣ ደልድዬ ድንጋይ ያነጠፍኩበትን ቦታ በመስኮት አዩ፤ የተሰቀለውን ገመድ አዩ፤ ከአልጋችን ሥር የተሰጣውን ድርቆሽ አዩ። «ይኼ ሁሉ ለመጫወቻ?» አሉ በሐዘን። «ልጄ፣ እንግዲያስ ጸበልም ሳያስፈልግህ አይቀርም።» ሽሮውን እንድትመልስ አስካለን በዓይኔ ጠቀስኳት። እሷ ግን ላስቲኩን ተቀብላ ጓዳ ገባች። «ሽሮ ሽሮ ነው» አለችኝ ኋላ።

የጾሙ መፍቻ ዋዜማ፣ ከሰዓት፣ የሽቦ ቤቱ በጋሪ መጣ። ሰፈሩ ወጥቶ አየው። ለእኔ ሊገባኝ ያልቻለው፣ ጥንቸል ሊያርድ የተነሣ ሰው ቪላ ይሠራለታል እንዴ? ይኼን የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ንቀውኝ ነው።

ጋሽ ሰይድ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ጎረቤቴ፣ ሰው አስጨነቀህ አይደል?»

«ኧረ ጨረሱኝ፣ ጋሽ ሰይድ!»

«እንግዲህ ስማኝ። ሲመጣ ለእኔ ስጠኝና ‹ለሰይድ ነው የገዛሁት› በላቸው። ወላሂ እኔ ቀምሼውም አላውቅ፤ ግን በእኛ አይከለከልም ይላሉ። በእኔ ላይ ምንም ሊሉ አይችሉም።»

ዕንባዬ ሊመጣ ደረሰ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ስሜን በስማቸው ሊሸፍንልኝ የተነሣ እሳቸው ብቻ ናቸው። «አላህ ይስጥልኝ» አልኳቸው። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ከነከነኝ። «ለመሆኑ ቢወስዱት ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ? ቢስሚላህ ብዬ አርደዋለሁ እንጂ።»

ከኋላዬ የሚሮጥ እግር ኮቴ ሰማሁ። ማኅደር ናት። ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

ጋሪውን ሸኝቼ ስመለስ ቤት ውስጥ የለችም። አስካለ በአገጯ ወደ ግቢው ጠቆመችኝ። ልጄ ጥንቸሉ ቤት ውስጥ ገብታ ጣውላው ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን አቅፋ። የሣጥናችንን ቁልፍ አምጥታ በሩን ከውስጥ ቆልፋዋለች።

«ውጪ በያት» አልኩ ለአስካለ።

«ራስህ ንገራት። እኔስ ደከመኝ» ብላኝ ገባች።

ተጠጋሁ። ማኅደር በሽቦው ቀዳዳ አየችኝና «ልትበላው ነው አይደል?» አለችኝ። ለእኔ! በእናቷ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። አራት ወር የጠበቅኩት ቃል በመጨረሻ ክስ ሆኖ መጣ።

ለንዴት ተሰናድቼ ነበር። «አንቺ ደግሞ!» ልል፣ ስለ ድርቆሹ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሽሮው ልቆጥርላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም። እትዬ ብርቄ ሲጠረጥሩኝ በደል ነው፤ አባ ሲጠረጥሩኝ በደል ነው። እሷ ብትጠረጥረኝ ግን ምን አፍ አለኝ? በዓይኗ ያየችውን ነው የምትለው። እርጥቡ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሻምበልን እኔ ነኝ ያረድኩት» አልኳት። «ጠፋ ያልኩሽ ውሸት ነው። አጥፍቻለሁ።»

በእኛ ዘንድ አባት ለልጁ «አጥፍቻለሁ» አይልም። የእኔ አባት ብሎኝ አያውቅም።

«አውቃለሁ» አለች። ጣቷን በሽቦው ቀዳዳ አስገብታ፣ «ይኼኛውንስ ለምን ሰው ሁሉ ‹ሊበላው ነው› ይላል?»

«ለሰውየው ላንቺ መሆኑን አልነገርኩትማ። አፍሬ።»

«አሁን ንገረው።»

ስልኩን አወጣሁ። ላውድ ስፒከሩ እንደሆነ ምርጫ የለውም። ይመር አነሣ። «ስማኝ ይመር» አልኩ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጥንቸሉን ለመብል አይደለም የፈለግኩት። ለልጄ ነው፤ እንድትጫወትበት፣ እንድታሳድገው። በጓን አርጄባት ነው።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«እና እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?» አለ በመጨረሻ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ። «እኔ እኮ ላንተ ልሰጠው ቃል ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳረባ አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም። ‹ሥጋ፣ ሥጋ› የምለው የመርሳ ሰው ‹ይመር በዚህ ዕድሜው ከጥንቸል ጋር ይጫወታል› እንዳይለኝ ነው።»

ሁለት ጎልማሶች ተፋፍረን አንድ የዓይን ውኃ የማታህል ጥንቸል በወሬ አሳርደን ነበር እኮ! ማኅደር ፊቷን ሽቦው ላይ ለጥፋ «ስም አለው?» አለች።

«አለው፤ አትሳቁብኝ እንጂ» አለ ይመር። «ነጭ ስለሆነ ሙሽራው እለዋለሁ።»

ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ነገ ጠዋት አብረን ሄደን እንድናመጣው ተነጋገርን፤ ስልኩ ተዘጋ። ማኅደር ቁልፉን ከፍታ ወጣች፤ ቀሚሷን አራገፈችና አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ» አለችኝ።

«አቤት!» አልኩ። እንዴት ብዬ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

«አምኜሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«ለእንቁጣጣሽ ግን ሙሽራውን ይዤ ግራና የምትኖረው አያቴ ጋ እሄዳለሁ። በዓሉ ሲያልፍ እንመለሳለን።»

«እንዴ!» አልኩ ከመሬት ብድግ ብዬ። «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ አምኜሃለሁ አላልሽኝም?»

«አምኜሃለሁ። ግን በዓል ነው።»

ይኼን ፍርድ ትሉታላችሁ? የምጮኽበት ሰው ፈልጌ ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። «እሺ፣ እኔም አብሬያችሁ ልምጣ?» አልኳት።

አሰበችበት። ከልቧ ነው ያሰበችበት።

«አንተ ቅር፣ አባዬ» አለችኝ። «አንተ ዶሮህን እረድ።»